አይስ ሆኪ ከፒያሳ፦ የቅጣት ክርክራችን የደረሰበት

ጎንደር ላይ በረዶ የምናውቀው ክረምት ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ቢሆንም ለፋሲል ከነማ አብረን የምንጮህ ጥቂት ጓደኛሞች ፒያሳ አንድ ቡና ቤት እየተሰበሰብን አይስ ሆኪ፣ በረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱትን፣ ማየት ጀምረናል። የምናየው የተቀዳውን ነው፤ ለቀጥታው ዳታ አይበቃም። ለጀማሪ የሚጠቅም ከሆነ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዓይናችሁን ከፓኳ ላይ አንሱ። ፓክ 2.5 ሴንቲ ሜትር የምትወፍር ጠፍጣፋ ጎማ ነች፤ በኃይል ስትመታ አትታይም። ይልቅ የዳኛውን እጅ እዩ። ጥፋት አይቶ እጁን ሽቅብ ቢያነሳም ወዲያው ላይነፋ ይችላል። ፊሽካው የሚሰማው ያጠፋው ቡድን ፓኳን ሲቆጣጠር ነው። እስከዚያ ተበዳዩ ማጥቃቱን ይቀጥላል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በረኛው ግቡን ባዶ ጥሎ ወደ ወንበር ይከንፍና በምትኩ አንድ አጥቂ ይገባል። አንዱ ጓደኛችን ይሄን ሲያይ «ሰውዬው አበደ እንዴ!» ብሎ ብድግ አለ። አላበደም። ተጋጣሚ ፓኳን እንደያዘ ጨዋታው ይቆማል፤ ማን ያገባበታል?

ቅጣቱ ቀላል ከሆነ 2 ደቂቃ ያስወጣል፤ ከባዱ 5 ነው። በቀላሉ ቅጣት ጊዜ ተጋጣሚ ግብ ካስቆጠረ የተቀጣው ይመለሳል። የጎደለው ቡድን ከበረኛው ሌላ አራት ሆኖ ግቡ ፊት ሳጥን ይሠራል። ማንም ቦታውን ለቆ ፓኳን አያባርርም። ተጋጣሚው ከዳር ዳር እያመላለሰ ሳጥኑን ለመበተን ይታገላል። እኔ ከግቡ ይልቅ ይሄን ማየት ይጥመኛል። ሌላ ጊዜ ፓኳን ከራስ ሜዳ እስከ መጨረሻው ጫፍ መጠለዝ ጨዋታ ያስቆማል፤ ለጎደለው ቡድን ግን ተፈቅዷል። ሰዓት መግደል በሕግ!

ትልቁ ጭቅጭቃችን የ2014 የሶቺ ኦሊምፒክ የሴቶች ፍጻሜ ነው። አሜሪካ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ ካናዳ በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ውስጥ አቻ ሆነች። ከአቻው ጥቂት ቀደም ብሎ ካናዳ በረኛዋን በአጥቂ ተክታ ሳለ የአሜሪካ ምት ባዶ ግቧን ቋሚ መትቶ ተመልሷል። በጭማሪው ሰዓት የካናዳዋ ሄይሊ ዊከንሃይዘር ብቻዋን ወደ ግብ ስትበር የአሜሪካዋ ሂላሪ ናይት ከኋላ ደረሰችባት፤ ዊከንሃይዘር ወደቀች። ናይት 2 ደቂቃ ተቀጣች። ካናዳ በ4 ሰው፣ አሜሪካ በ3 ሲጫወቱ የካናዳዋ ማሪ ፊሊፕ ፑላን አገባች፤ ወርቁም ሄደ።

የእኛ ጠረጴዛ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አልነካቻትም፣ ፍርደ ገምድል!» ይላል። እኔ ደግሞ ጥፋት ከተባለ 2 ደቂቃ አይበቃም ባይ ነኝ። ፊቷ በረኛ ብቻ ነበረች፤ ከኋላ ጠልፎ ዕድል ማበላሸት ደግሞ በሕጉ ከበረኛ ጋር ብቻ ለብቻ የሚያፋጥጥ የቅጣት ምት ያሰጣል። ዳኛዋ መሀሉን ይዛ ሁለቱንም ወገን አስከፋች። ግቡ ላይ ግን ክርክር የለኝም። ፓኳ ወደ ሌላው ጎን ስትሻገር ለፑላን የደረሰ ተከላካይ አልነበረም፤ ሦስት ሰው ያን ሁሉ አይሸፍንም።

ጩኸታችን ሲበዛ የቡና ቤቱ ጋሼ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይሉናል። ልክ ናቸው፣ ግን እዚህ ዱላ ተጋጣሚ እጅ ላይ ካረፈ ያስወጣል። ሆን ብሎ የሚወድቅ አስመሳይም ይቀጣል፤ አንዳንዴ ጠላፊውም ተጠላፊውም አብረው ይወጣሉ። ይሄ ሕግ እግር ኳሳችን ውስጥ ቢገባ ስንቱ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር?

አሁን የያዝነው ኦፍሳይድ ነው። አጥቂው ከፓኳ ቀድሞ ወደ ተጋጣሚ ክልል የምታስገባውን ሰማያዊ መስመር ማለፍ የለበትም፤ ተከላካይ የት ቆመ የሚል ጣጣ የለውም። መጀመር የምትፈልጉ የሶቺውን ጭማሪ ሰዓት ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ተንታኙ ሳይወስንላችሁ በፊት ራሳችሁ ፍረዱ።