98 ከመቶ

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኝ ዋለ። ጥቅምት በደብረ ብርሃን እንዲህ ነው፤ ፀሐዩ እያበራ ነፋሱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እንደምታውቁኝ እንዲህ ባለ ቀን ቤት መቀመጥ አይሆንልኝምና የርቀት መለኪያዬን ይዤ ወደ በሬሳ ወንዝ ዳር ወረድሁ።

ከብት ረግጦ ባጨቀየው ሣር ላይ አንዲት ወፍ ቆማ ነበር፤ አናቷ ጥቁር፣ ደረቷ ነጠብጣብ፣ ከዓይኗ ፊት ቢጫ ሥጋ የተንጠለጠለላት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማትገኝ። ስትነሣ ሌዘሩን አነጣጠርሁባት። ርቀቷና ቀና ያልሁበት ማዕዘን ከታወቁ ከፍታዋ በስሌት ይገኛል። ነፋሱን ፊት ለፊት ስትገጥመው መሬት ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ አለች፤ ዞራ ነፋሱ ከኋላዋ ሲሆን ግን ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ ወጣች።

ለነፋስ ተርባይን ቦታ ሲመረጥ የሚፈለገው ይኸው ከፍታ ነው። ክንፎቹ በሚሽከረከሩበት ከፍታ ስንት ወፍ እንደሚያልፍ ይቆጠራል፤ የወፏ ርዝመትና ፍጥነት፣ የተርባይኑም ክንፍ ስፋትና የዙሩ ፍጥነት ታስበው የመመታት ዕድሏ ይገመታል። ስሌቱ በመጀመሪያ ወፏን ተርባይኑን እንዳላየች ቆጥሮ ቀጥ አድርጎ ያሳልፋታል፤ የማምለጥ ችሎታዋ የሚገባው በመጨረሻ ነው። የስኮትላንድ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የራሳቸው ጥናት ለሌላቸው ወፎች 98 ከመቶ ያመልጣሉ ተብሎ እንዲወሰድ መክሮ ነበር። ቀኔን የወሰደብኝ ይህ ቁጥር ነው። 98ን 99 ብናደርገው ይሞታሉ የተባሉት ወፎች በግማሽ ይቀንሳሉ፤ 96 ብናደርገው እጥፍ ይሆናሉ። ብርድ ላይ ተቁሞ በጥንቃቄ የተለካ ከፍታ ሁሉ፣ ሌላ አገር በሌሎች ወፎች ላይ በተገመተ አኃዝ ተባዝቶ ያልቃል።

እኔ ተርባይን አይተከል የምል ሰው አይደለሁም። መቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ ይህም ጭስ አልባ መብራት ነው። ይሁንና ከሩቅ ሲያዩት የሚያዘግም የሚመስለው ክንፍ፣ ጫፉ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ቦታ መቀየር የለም። መለካት ያለብን አስቀድመን ነው።

የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው ወደ እኛ የሚመጡት የውኃ ዳር ወፎች አብዛኛውን መንገድ የሚጓዙት በጨለማ፣ ከተርባይን እጅግ ከፍ ብለው ነው። ጉምና ዝናብ ግን ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ለማረፍም መውረዳቸው አይቀርም። ኮረብታ ላይ በመነጽር የሚቆጥር ሰው በዚያ ሰዓት ምንም አያይም፤ ራዳር ካልተተከለ ወይም ወፎቹ ላይ መከታተያ ካልታሰረ በቀር የቀኑ ሰንጠረዥ ስለ ሌሊቱ አይናገርም። ታዲያ በጣርማ በር ተራራ ጉም ውስጥ በእኩለ ሌሊት ለምትወርድ ወፍ፣ ከመቶ ስንት ብለን እንጻፍላት?