በጧፍ ብርሃን የሚያይ ሌንስ ፍለጋ

ለሌይካ ኤም6 የፊልም ካሜራዬ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ፣ እይታውም ሰፊ የሆነ ሌንስ መምረጥ ባለፈው ዓመት ወራት ፈጅቶብኛል። የምፈልገውን ግን ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ የማነሳው ሜሪላንድ በምንኖርበት ቤት ማታ ቡና ሲፈላ፣ እንዲሁም በበዓላት ዋዜማ ካህናቱና ዲያቆናቱ ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ነው። በሁለቱም ቦታ ፍላሽ ማብራት አይታሰብም፤ በአንዱ ጨዋታ ያደፈርሳል፣ በሌላው ነውር ነው። ስለዚህ የሚቀርልኝ ብርሃን የሳሎን አምፖልና የጧፍ ነበልባል ብቻ ነው።

ለብርሃን ያለው ስሜት አይኤስኦ 400 የሆነ ፊልም ይዤ በተለመደ የሳሎን መብራት ሳነሳ፣ ሌንሱ ኤፍ 2 ላይ ከሆነ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መጋረጃ፣ ሹተሩ፣ 1/30 ሰከንድ ገደማ ይጠይቀኛል። ኤፍ 1.4 የሚያስገባው ብርሃን እጥፍ በመሆኑ ያንኑ ፎቶ በ1/60 ማንሳት እችላለሁ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጀበናውን አዘንብላ የምትቀዳ እጅ በ1/30 ስትደበዝዝ በ1/60 ብዙ ጊዜ ትተርፋለች። በጧፍ ብርሃን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ኤፍ 1.4 ላይ ሆኜ እንኳ ወደ 1/15 እወርዳለሁ። እንደ ኤም6 ያለ ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም በሌንሱ ሳይሆን በተለየ መስኮት የሚታይበት ካሜራ፣ ሹተሩ ሲከፈት የሚዘል መስታወት ስለሌለው 1/15ን በእጄ ይዤ እወጣዋለሁ፤ ከዚያ በታች ግን የእጄ መንቀጥቀጥ ያሸንፈኛል።

ሰፊና ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ከዚህ ዓይነት ካሜራ ጋር የሚስማማበት ሌላም ምክንያት አለ። ባለ መስታወት ካሜራ ላይ ፎከስ የሚደረገው ሌንሱ ራሱ በሚያሳየው ምስል በመሆኑ፣ የሌንሱ እይታ ሰፊ በሆነ መጠን ሁሉም ነገር በመመልከቻው ውስጥ ያንሳል፤ የትኛው እንደጠራ መለየትም ያስቸግራል። ሬንጅፋይንደር ግን ርቀትን የሚለካው በሁለት መስኮቶች መካከል ባለው ክፍተት ነው። በኤም6 ላይ ይህ ክፍተት 69.25 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በመመልከቻው የ0.72 ማጉያ ሲባዛ ወደ 50 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ይህም የትኛውንም ሌንስ ብንገጥም አይለወጥም። በዚህ ልኬት የ35 ሚሊሜትር ሌንስን ኤፍ 1.4 ላይ ማስተካከል ቀላል ሥራ ነው። መስታወት አለመኖሩ ደግሞ የሌንሱ የኋላ ክፍል ወደ ፊልሙ ተጠግቶ እንዲቀመጥ ስለሚፈቅድ፣ ለባለ መስታወት ካሜራ ቢሠራ ጣሳ ያክል የነበረው ሌንስ እዚህ በሲኒ መጠን ይገኛል።

መጀመሪያ ልቤ የሄደው ከ35 ይልቅ ሰፋ አድርጎ ወደሚያየው 28 ነበር፤ ምክንያቱም የ28 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.4 ላይ ሆኖ ሁለት ሜትር ላይ ፎከስ ሲደረግ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 43 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ይህ የ35 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 2 ላይ ከሚሰጠው 40 ሴንቲሜትር ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም፤ የሚገባው ብርሃን ግን እጥፍ ነው። በጨለማ ለሚሠራ ሰው ይህ እንደ ምርቃት ነው። ሌይካ በ2015 ያወጣው ኤፍ 1.4 የሆነው 28 ሱሚሉክስ 440 ግራም ይመዝናል፤ ዋጋውም ለእኔ የሚታሰብ አይደለም። የፎክትሌንደር 28 ኡልትሮን ኤፍ 2 ግን ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ይቀመሳል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ መነጽሬ ነው። ፎቶው የሚይዘውን ወሰን የሚያሳዩት የ28 ክፈፍ መስመሮች ኤም6 ላይ እስከ መመልከቻው ጠርዝ ድረስ ተለጥጠው የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ዓይኔ በመነጽሩ ምክንያት ትንሽ ሲርቅ ግራውን ሳይ ቀኙ ይጠፋብኛል። ዓይን መመልከቻው ላይ የሚታሰር የማስተካከያ መስታወት ይሸጣል፤ የእኔ ዓይን ግን በእሱ የሚስተካከል ዓይነት አይደለም። ከካሜራው አናት ላይ የሚሰካ ሌላ መመልከቻ በውሰት ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን በአንዱ መስኮት ፎከስ አድርጎ በሌላው ክፈፍ እስኪያዩ ድረስ ሲኒው ተጠጥቶ ያልቃል። የ35ቱን መስመሮች ግን መነጽሬን ሳላወልቅ ሙሉ በሙሉ አያቸዋለሁ። እዚህ ላይ 28ን ተውኩ።

ከ35ቶቹ መካከል በስሙ የሚያስጎመጀው ኤፍ 1.2 የሆነው የፎክትሌንደር ኖክተን ነው። አንድ ወዳጄ በ2003 የወጣውን የመጀመሪያውን ሥሪት አውሶኝ ለሁለት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። 490 ግራም ነው፤ ከካሜራው ብዙም አያንስም። ኋላ የመጣው ሦስተኛው ሥሪት ወደ 332 ግራም ወርዷል። ክብደቱን እንኳ በቻልኩት፤ ያስቸገረኝ የሌንሱ አፍ በመመልከቻው ታችኛ ቀኝ ማዕዘን ላይ ገብቶ የክፈፉን አንድ ጥግ መብላቱ ነው። በዚያ ጥግ ረከቦቱ ይኖራል፣ ሕፃን ይቀመጥበታል፤ ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ አላየውም። ለዚህ ሁሉ መሥዋዕትነት ከኤፍ 1.4 በላይ የሚገኘው ብርሃን አንድ ሙሉ ደረጃ አይደለም፤ ግማሽም አይሞላም። የዛይስ 35 ዲስታጎን ኤፍ 1.4ም በዚሁ ምክንያት ቀረ። እስከ ዛሬ ከሞከርኳቸው ሁሉ በሙሉ ቀዳዳው እስከ ጥግ ድረስ ጥርት ያለው እሱ ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ግን 381 ግራም ሆኖ ወደ ፊት ዘለግ ያለ ነው፣ እኔም የምመለከትበትን መስኮት በጥራት መለወጥ አልፈለግሁም።

ኤፍ 1.4 ስለሆነው የሌይካ 35 ሱሚሉክስ ብዙ ተብሏል። በ1961 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ እጅግ ትንሽ ነው፤ በሙሉ ቀዳዳው ሲያነሱበት መብራቶች ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ይረጫል፣ ከአንድ ሜትር በታችም አይጠጋም። የ1994ቱ አስፌሪካል (የመስታወቱ ገጽ ፍጹም የኳስ ቅርጽ የሌለው) ጥራቱን ቢያመጣም ቀዳዳው ሲጠብ ፎከሱ የመንሸራተት ጠባይ ነበረው፤ ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ በ2010 ከውስጡ አንዱ ክፍል ለብቻው እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ እንደገና ተሠራ። የ2022ቱ እስከ 40 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ሆኖም የካሜራው ርቀት መለኪያ 70 ሴንቲሜትር ላይ ስለሚያቆም፣ ስክሪን ለሌለው የፊልም ካሜራ ያ ተጨማሪ ርቀት ጌጥ ነው። ሁሉም ግሩም ናቸው፤ አዲሱ ሱሚሉክስ ግን በመጨረሻ ከገዛሁት ሌንስ ዋጋ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው፣ እኔም የቤት ኪራይ ከፋይ ነኝ።

የገዛሁት ያገለገለ ኖክተን ክላሲክ 35 ኤፍ 1.4 ነው፤ በ2008 የወጣውን የመጀመሪያውን ሥሪት። ጃፓን ውስጥ ኮሲና የሠራው ይህ ሌንስ 200 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመመልከቻው የሚሸፍነው እጅግ ጥቂት ነው። ጉድለቱን ሳላውቅ አልገዛሁትም። ቀጥ ያለ የበር መቃን ወደ ዳር ሲሆን ትንሽ ይጎብጣል፤ ያም ለእኔ ሥራ ምንም አይደል። ከባዱ ጉድለት እንደ አስፌሪካሉ ሱሚሉክስ ሁሉ ፎከሱ መንሸራተቱ ነው። ከሌንሱ ዳር የሚገባው ብርሃንና ከመሀሉ የሚገባው ብርሃን በትክክል አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም፤ ቀዳዳው ሲጠብ የዳሩ ብርሃን ይቆረጥና ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለ መስታወት ካሜራ ወይም ስክሪን ቢሆን ይህን ያሳያል፤ ሬንጅፋይንደር ግን በሌንሱ ውስጥ ስለማያይ ምንም ሳያውቅ ‹‹ተስተካክሏል›› ይላል።

ምን ያህል እንደሚሸሽ ለማወቅ ሰባት ሲኒዎች ጠረጴዛ ላይ ወደ ኋላ በሰያፍ ደረደርኩ፤ በየመካከላቸው አራት አራት ሴንቲሜትር ትቼ፣ ከ70 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ መካከለኛውን ሲኒ ፎከስ አደረግሁ። ፊልም ላለማባከን የወዳጄን ዲጂታል ሌይካ ኤም10 ተዋስኩ። በዚህ ርቀት ኤፍ 1.4 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከሦስት ሴንቲሜትር ተኩል አይበልጥም፤ መካከለኛው ሲኒ ግን ጠርቶ፣ በአፉ ላይ ያለው የወርቅ መስመር ሳይቀር ታየ። ኤፍ 2 ላይ ግን ያው ሲኒ ለዘብ አለ፤ 2.8 ላይ ጭራሽ ከኋላው ያለው በለጠው። ኤፍ 4 ላይ ጥልቀቱ ራሱ ስለሚሰፋ ሁለቱም አንድ ላይ ጠሩ። ከዚያ ወዲህ ቅርብ ነገር ሳነሳ 2ን እና 2.8ን እዘላቸዋለሁ፤ ወይ 1.4 ወይ 4። ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ልዩነቱ በፊልም ላይ አይታየኝም።

ሰው እንዲህ የሚዘለል ነገር ያለበትን ሌንስ ለምን ገዛህ ቢለኝ፣ በመሸ ጊዜ የምሠራው ኤፍ 1.4 ላይ ብቻ ስለሆነ ነው እላለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ኤፍ 5.6 ላይ ነኝ። በመሀል ያለውን የምፈልገው እምብዛም ነው።

ለማኅሌቱ አንድ የቀረኝ ጉዳይ ነበር። ጧፍ በክፈፉ ጥግ ሲገባ ነበልባሉ እንደ ወፍ ክንፍ ይዘረጋል፤ ይህ የብዙ አሮጌ ንድፍ ሌንሶች ጠባይ ነው፣ ስለዚህ ነበልባሉን ወደ መሀል አስጠጋዋለሁ ወይም ሙሉ በሙሉ አስወጣዋለሁ። ከጎን የሚመጣውን ብርሃን እንዲከልልልኝ የሌንስ ኮፍያ ገዝቼ ነበር፤ ሳስገባው ያ የሸሸሁት ጥግ እንደገና ተሸፈነ። አሁን ኮፍያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ በግራ እጄ እከልላለሁ።