ወክ እና መንገድ

እማዬ «ወክ» የሚባለው ነገር አይገባትም። ማታ ማታ ወንድሜ ቱታውን ለብሶ ሲወጣ «ወዴት ነው?» ትለዋለች። «ወክ ላደርግ» ይላታል። «ማን ቤት?» ማንም ቤት አይደለም። ከቀበና ተነሥቶ እስከ አራት ኪሎ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ የሄደችው የሆነ ቦታ ለመድረስ ነው። ሥላሴ ለመሳለም፣ ሾላ ገበያ ለመገብየት፣ ለቅሶ ለመድረስ። የትም ሳይደርሱ መመለስ የጤና አይመስላትም።

ባለፈው ወር ከእድር ስብሰባ ከወጣሁ ጀምሮ ይሄ «ማን ቤት?» የሚለው ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ስለዚህ ልጻፈው።

እድራችን በወር አንዴ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። አጀንዳው ሁልጊዜ ያው ነው። ያልተከፈለ መዋጮ፣ የጠፉ ወንበሮች፣ የድንኳኑ ቀዳዳ። የዚያን ቀን ግን «ልዩ ልዩ» ላይ ስንደርስ አንድ አባት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን የሚገባው ኮብልስቶን ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ይዘጋ አሉ። ብረት ይተከል፣ ዘበኛው ቁልፉን ይያዝ፣ ልጆች ይጫወቱበት።

ምክንያት አላቸው። ዋናው መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር ራይዱም የቤት መኪናውም በእኛ መንደር መሹለክ ለምዷል። ክረምት ላይ የጎረቤታችን ልጅ በስፖኪዮ ተመትቶ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክንዱ ተላልጦ ተረፈ። ሹፌሩ ግን ወርዶ እንኳን አላየውም።

ከዚያ ክርክሩ ደራ። «ቀብር ቢሆንስ? አስከሬን የያዘ መኪና ዘበኛ ደጅ ሊጠና ነው?» አሉ አንዲት እናት። እድር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መከራከሪያ የለም። ባለሱቁ ውሃና ለስላሳ የሚያራግፍለት አይሱዙ የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ መሆኑን ተናገረ። ምጥ የያዛት ሴትም ተነሣች። መንገድ ይዘጋ በተባለ ቁጥር እሷ ቀርታ አታውቅም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ብድግ አለና «እስቲ መኪና ያላችሁ እጃችሁን አውጡ» አለ። ከስልሳ ምናምን ሰው ስምንት እጅ ወጣ።

ዘጠነኛው የእኔ መሆን ነበረበት። ቪትዜ እዚያው ኮብልስቶኑ ላይ፣ አጥራችን ጥግ ነው የምታድረው። ሁሉም ያውቃታል። እኔ ግን ያን ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ የሆነ ነገር እየፈለግኩ ነበር።

ከኋላ ወንበር አጎቴ «መንገድ ለሰው!» ብሎ ሳቀ።

አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሚኒባስ ነድቷል። ይቺን ሳቁን የጀመራት በኅዳር 2011 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ እሁድ ጠዋት ዋና ዋና መንገዶችን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ክፍት አደረገች። ስሙንም «መንገድ ለሰው» አሉት። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የያኔው የጤና ሚኒስትር ዶክተር አሚር አማንም ወጥተው ታዩ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የመጨረሻ እሁድ ይቀጥላል ተባለ።

ልጄ ሦስት ዓመቱ ነበር። ይዤው ወጣሁ። እሱ ሆዬ አስፋልቱ መሃል ደረሰና ነጩ መስመር ላይ ቁጭ አለ። ተነሥ ብለው እምቢ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ አስፋልት መሃል ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። አስፋልት ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ ስታገኘው ቶሎ ይሞቃል። ሸካራ ነው። የታክሲ ጡሩምባ የለም፣ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚል የለም። አንድ ጥግ ኤሮቢክስ ይሠራል፣ ሌላ ጥግ ልጆች በስኬት ይንሸራተታሉ። ልጄ ጠጠር ለቀመ። እኔ ምንም አላደረግኩም። እስከ ዛሬ ከኖርኩባቸው እሁዶች ያቺ ትለይብኛለች።

አጎቴ በዚያው ጠዋት የግማሽ ቀን ገቢውን አጣ። የእሁድ ጠዋት ዋና ደንበኛው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ነጠላ ለብሰው ከሰፈር የሚወጡ እናቶች። ከሰዓት እኛ ቤት መጥቶ ቡና እየጠጣ «መንገዱ ለሰው ከሆነ እኔ ምን ልሁን?» አለ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ደህና ጥያቄ ነበር። እኔና ልጄ መስመሩ ላይ ስንቀመጥ፣ ታክሲ ያጡት አሮጊት የት ተቀምጠው ይሆን?

አጎቴ ሌላም አነጋገር አለው። «እግረኛ የሚባል ሰው የለም» ይላል። «ታክሲ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ሰልችቶት የሄደ ሰው ነው።» ያጋንናል፤ ሹፌር ነው። በዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ታክሲ አጥቶ አይደለም። የታክሲውን ብር ለዳቦ ያዋለም አለ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ የሚሄድም አለ። ግን አንድ ነገር ልክ ነው። ይሄ ሕዝብ ወክ እያደረገ አይደለም። እየሄደ ነው።

መሥሪያ ቤቴ ቀላል ባቡሩ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ተደስቼ ነበር፤ ለብዙ ሰው እፎይታ ሆኗል። ሐዲዱ ግን መንገዱን መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል። ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ለመሻገር ወይ ሩቅ ሄደህ ትዞራለህ፣ ወይ ትዘላለህ። ጠዋት በመስኮት አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ምሳ ዕቃው ይሻገራል፣ ከዚያ ሰውየው። ቀሚስ የለበሰች ሴት ደግሞ ግራ ቀኝ አይታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ነው። «ዜብራ እያለ ለምን ይዘላሉ?» የሚል የሥራ ባልደረባ አለኝ። መኪና ውስጥ ሆኖ ሲታይ ዜብራው ቅርብ ነው። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ወክ ላይ አልነበሩም።

አሁን ደግሞ ስለ አዲሱ መንገድ። ይሄን ጉዳይ ስጽፍ የሚናደድብኝ ሰው ከሁለቱም ወገን አይጠፋም። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ሲጀመርና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አልቅሻለሁ፤ አባቴ ወጣትነቱን ያሳለፈበት ሰፈር ነው። ቢሆንም የድሮውን የእግረኛ መንገድ ናፈቀኝ ብል ውሸታም ነኝ። ምኑ ይናፍቃል? ቴራዞው ተነቃቅሎ፣ ቱቦው አፉን ከፍቶ፣ መኪና ጉብ ብሎበት፣ አንተ አስፋልት ላይ ወርደህ ከታክሲ ጋር ትጋፋለህ። ክረምት ሲሆን የትኛው ኩሬ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ አይለይም ነበር። አንዴ ጉልበቴ ድረስ ገብቻለሁ። ጫማዬ እዚያው ቀረ።

ዛሬ ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ መብራት አለው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዬን ስልክ እያወራሁ ስሄድ ራሴን አግኝቼዋለሁ። ሴት የሆነች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። የብስክሌት መስመሩም ገና ብዙ ብስክሌት ባያይም የሰፈሩ ልጆች አግኝተውታል።

እማዬ ግን በዚህ መንገድ ላይ ተቸግራለች። ከቀበና ወደ አራት ኪሎ ዳገት ነው። ድሮ ሥላሴ ስትሄድ መሃል ላይ አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበረች። ግንብ ተደግፋ ትቀመጣለች። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ «እማማ፣ ትንፋሽዎን ይሰብስቡ» ትላታለች። እማዬ ትቀመጣለች። ቆሎ ትገዛለች፤ ጥርሷ ባይችለውም ትገዛለች። ስለ ልጆቿ ትጠይቃታለች። ከዚያ የቀረውን ዳገት ትያያዘዋለች። አሁን ቆሎ ሻጯ የለችም። መንገድ ላይ መሸጥ ክልክል ነው፤ ደንብ አስከባሪ ካገኛት ዕቃዋን ትወረሳለች። የድንጋይ ወንበሮች አሉ፣ ያምራሉ። የሚበዙት ግን መንገዱ በሰፋበት፣ አበባው በፈካበት ነው። እማዬ ትንፋሽ የሚያጥራት ዳገቱ መሃል ነው። «መንገዱ አማረ» ትላለች። «ሰው ግን የለበትም።» ኧረ በሰው ተሞልቷል እላታለሁ። የእሷ ሰው ማለት ያቺ ሴትዮ እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው።

የጉልት ነገር ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ሁሉም ቢዘረጋ መሄጃ አይኖርም። ሜክሲኮ ማታ ማታ በሸራና በልባሽ ጫማ መሃል ስንዘል የኖርን ሰዎች ነን። ግን በሁለቱ መሃል ምንም ነገር የለም እንዴ? ለአንዲት ቆሎ ሻጭና ለአንድ ሊስትሮ የሚሆን አንድ ካሬ ሜትር? ስለ እግረኛ ሲወራ ስፋቱ፣ ቀለሙ፣ መብራቱ ይወራል። እግረኛው መንገድ ላይ ምን ይበላል፣ ማን ያናግረዋል፣ ሲደክመው የት ያርፋል የሚለው ሲነሣ አልሰማሁም።

አንዲት ጓደኛዬ ካዛንቺስ ተወልዳ እዚያው ኖራለች። ቢሮዋ አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር ነበር። ምሳ ቤቷ ሄዳ በልታ ትመለስ ነበር፤ እንቀናባት ነበር። ካዛንቺስ ለልማቱ ሲነሣ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ቤት ደረሳት። አሁን ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ ሰልፍ ትይዛለች። አዲሱ ቤቷ ከድሮው ይሻላል፣ ሽንት ቤት ውስጥ አለው፣ እሷም ይህን አትክድም። ባለፈው ግን አብረን በካዛንቺስ አዲሱ መንገድ ስንሄድ ዝም ብላ ቆየችና «አሁን እኮ በእግር ለመሄድ ይመቻል» አለች። ምን እንደምላት አጣሁ።

ወደ እድራችን ልመለስ። ክርክሩ እንዴት አለቀ? እንደ ማንኛውም ክርክር። ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። አምስት ሰው ተመረጠ፣ ከአምስቱ ሦስቱ መኪና አላቸው፤ ጊዜ ያለን እኛ ነን መሰለኝ። «እኛ» ማለቴ አጎቴም ወጣቱም ተባብረው እኔን ስለጠቆሙኝ ነው። ወጣቱ እጄን እንዳላወጣሁ አይቷል።

ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም። ልጆቹ ግን አልጠበቁም። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ኮብልስቶኑ ላይ ሁለት ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ጎል ሠርተዋል። በረኛው ልጄ ነው። ጡሩምባ ልነፋ እጄን ዘረጋሁ። አየኝ። ድንጋዩን ለማንሣት ጎንበስ አላለም፤ ሌሎቹም አላሉም። ቆመው ያዩኛል። ዘጠኝ ልጆች ይሆናሉ። ከኋላዬ አንድ ራይድ መጥቶ ያንባርቃል።

ወደ ኋላ ወጣሁ። መኪናዬን አስፋልቱ ዳር አቆምኩና በእግሬ ገባሁ። ጨዋታው ቀጠለ። በር ላይ እማዬ ቆማ ታያለች። «መኪናሽ ተበላሸ?» አለችኝ። የለም አልኳት። በራሴ ትንሽ ኮርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሻይ አፈላሁ። አጎቴም መጣ፣ ነገሩን ነገርኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። «ጎበዝ» ብቻ አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንወጣ ታርጋዬ ተፈትቷል።

አዎ፣ እዚያ ማቆም ክልክል ነው። ሰፊው የእግረኛ መንገድ ዳር። ምልክቱም አለ፤ እኔም ሁልጊዜ እዚያ የሚያቆሙ ሰዎችን ስሳደብ የኖርኩ ሰው ነኝ። አጎቴ ግንቡን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ «ታርጋሽን ለማምጣት በምን ልትሄጂ ነው?» አለኝ።

«በ11 ቁጥር» አልኩት።