«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» «የለም»

ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ታካሚ የሳልቡታሞል ኢንሄለር (የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ በአፍ የሚሳብ የአስም ማስታገሻ) ማዘዣ ይዘው ወደ ፋርማሲ መስኮት ቀረቡ። አስማቸው የቆየ ነው፤ ለዓመታት ግን ብዙም ሳያስቸግራቸው ኖረዋል። ተረኛው ፋርማሲስት መዝገባቸውን ሲያይ ያለፈውን ኢንሄለር የወሰዱት ገና ከ20 ቀን በፊት ነው። «እሱስ?» ቢላቸው «አልቋል» አሉት።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ሂሳብ መሥራት ግድ ነው። አንድ የሳልቡታሞል ኢንሄለር አብዛኛውን ጊዜ 200 ፓፍ (አንዴ ተጭኖ የሚሳብ መጠን) ይይዛል፤ በአንዱ ፓፍ 100 ማይክሮግራም አለ። ካልጠፋ ወይም ለሌላ ሰው ካልተሰጠ፣ በ20 ቀን አለቀ ማለት በቀን 10 ፓፍ ተወሰደ ማለት ነው። አስሙ በደንብ የተያዘለት ሰው ይህን ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ እምብዛም አይፈልገውም። ስለዚህ አስሙን የሚያባብስ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ጥያቄው ምን የሚለው ነው።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

ብዙ የመድኃኒት ታሪክ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። ታካሚዋ አልዋሹም። በብዙ ሰው አእምሮ መድኃኒት ማለት የሚዋጥ ነገር ነው፤ ያውም ዛሬ ላመጣው ሕመም የታዘዘው። ጠብታ፣ ቅባት፣ በወር አንዴ የሚወጉት መርፌ፣ ክንድ ሥር የተቀበረ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ራስ ምታት ሲነሳ ብቻ የሚዋጥ ማስታገሻ፣ ቫይታሚን፣ የባሕል መድኃኒት፣ ሁሉም «የለም» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቀው ያልፋሉ። ጥፋቱ ከመላሹ ይልቅ የጠያቂው ነው፤ ጥያቄው ራሱ አጭር መልስ ይጋብዛል።

ፋርማሲስቱ በዚህ አላበቃም። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እየወረደ ጠየቀ። «በዓይንዎ የሚጨምሩት ነገር አለ? በጆሮ፣ በአፍንጫስ? ቆዳዎ ላይ የሚቀቡት ወይም የሚለጥፉት? በመርፌ የሚወስዱት?» እንዲህ ሊቀጥል አስቦ ነበር፤ ገና ዓይን ላይ ሲደርስ «እሱማ የዓይን ግፊት ጠብታ አለኝ» አሉና ከቦርሳቸው ጡጦውን አወጡ። ቲሞሎል 0.5 በመቶ፣ ጠዋትና ማታ በሁለቱም ዓይን። ከጀመሩ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ትንፋሻቸው ማጠር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አንዲት ጠብታ ምን ታደርጋለች የሚል ባለሙያ አይጠፋም። 0.5 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው፤ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ወደ ሩብ ሚሊ ግራም ገደማ ቢኖር ነው። መንገዱ ግን ሌላ ነው። ጠብታው ከዓይን ጥግ ባለችው የእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርድና ከዚያ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ እንደተዋጠ ክኒን መጀመሪያ በጉበት አልፎ አይቀንስም። ቲሞሎል ደግሞ ቤታ ብሎከር ከሚባሉት፣ የአድሬናሊንን ሥራ ከሚያግዱ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ልብን ብቻ የሚመርጥ ግን አይደለም፤ የአየር ቧንቧውንም ይነካል። ሳልቡታሞል ሊከፍተው የሚያንኳኳውን በር ቲሞሎል ከውስጥ ይቆልፈዋል። ፓፉ ቢደጋገምም እፎይታው የሚያንሰው ለዚህ ነው። አስም ላለበት ሰው ቲሞሎል የማይታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የተደረገው ነገርም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። «ጠብታውን ይተዉት» ብሎ መሸኘት ቀላል ነበር፤ የዓይን ግፊቱ ተመልሶ ቢወጣ ግን ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) የጎዳው የዓይን ነርቭ አይመለስም። ፋርማሲስቱ ታካሚዋን አስቀምጦ መጀመሪያ አተነፋፈሳቸውን አየ፤ አረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ይችሉ ነበር፤ ባይችሉ ኖሮ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር የሚላኩት። ከዚያ ጠብታውን ላዘዘው የዓይን ሐኪም ያኔውኑ ደወለ። ሐኪሙ በላታኖፕሮስት ቀየረው፤ ቤታ ብሎከር አይደለም፣ የሚወሰደውም በቀን አንዴ ማታ ነው። የአስም ሐኪማቸውም እንዲያውቅ ተደረገ። የዓይን ሐኪሙ ስለ አስሙ፣ የአስም ሐኪሙም ስለ ጠብታው አልሰሙም ነበር። ሁለቱንም መድኃኒቶች አንድ ላይ ማየት የሚችለው ፋርማሲው ብቻ ነበር፤ ያውም ሰው ሲጠይቅ።

ስለ አጠያየቅ ካነሣን፣ «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ባዶ ነው፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ጊዜ አመለጠዎት?» ማለት ይሻላል፤ መርሳት የተለመደ መሆኑን ጥያቄው ራሱ ስለሚነግረው ሰው አያፍርም። መልሱን ከመዝገቡ ጋር ማመሳከርም ይቻላል፦ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ 60 ክኒን 30 ቀን ነው የሚያገለግለው፤ በ45ኛው ቀን የሚመለስ ሰው ከሦስት ዶዝ አንዱን እየዘለለ ነው። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ለሚል ሰው «ሲወስዱ ምን ሆኑ?» የሚለው መከተል አለበት፤ ማቅለሽለሽና የአለርጂ ምልክት ሊሆን የሚችለው የትንፋሽ መቆራረጥ አንድ አይደሉም። ሜቶትሬክሴት፣ ኢንሱሊን ወይም ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) ካለ ደግሞ መጠኑንና የሚወስድበትን ቀን ታካሚው በራሱ አንደበት ይናገር፤ ለመገጣጠሚያ ብግነት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) በሳምንት አንዴ የሚታዘዘውን ሜቶትሬክሴት በየቀኑ መዋጥ ሕይወት ያሳጣል።

በታካሚዋ ካርድ ላይ የተጻፈው ይህ ነበር፦ «ቲሞሎል 0.5 በመቶ የዓይን ጠብታ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ሁለቱም ዓይን፣ ከ6 ሳምንት ጀምሮ፤ ጡጦው ታይቷል። ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ዛሬ ቆሟል። ቤታ ብሎከር አይሰጥ። የባሕል መድኃኒት፦ ተጠይቀው የለም ብለዋል።» የመጨረሻዋ መስመር ባዶ ብትተው ቀጥሎ የሚያነበው ባለሙያ አልተጠየቁም ይሁን የለም ብለው፣ መለየት አይችልም ነበር።