የኦርዮ ስም

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ምዕራፍ አልወጣሁም። ሁለተኛ ሳሙኤል 12። አሳቤስ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር መጨረስ ነበር፤ በቀን ይህን ያህል ምዕራፍ ብዬ እቅድ አውጥቼ። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊት ፊት ቆሞ የበጊቱን ታሪክ ሲጀምር እቅዱ እዚያው ቀረ።

ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ችግሬም ይኸው ይመስለኛል፤ የሚያውቀውን ማን አስተውሎ ያነባል? ድሃው ሰው አንዲት በግ ብቻ አለችው። ከእንጀራው ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ማረዱ አሳሳውና የድሃውን በግ ወሰደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ። ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል፣ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ ይመልስ አለ። አራት እጥፍ ያለው ዝም ብሎ አይደለም። በዘፀአት 22 በግ ሰርቆ ያረደ ሰው በአንዱ ፋንታ አራት እንዲከፍል ታዟል። ንጉሡ ሕጉን አልረሳም ማለት ነው። ቅጣቱን ያውቃል፣ ቁጣውም የእውነት ነው። ያላወቀው ነገር ቢኖር የሚፈርደው በራሱ ላይ መሆኑን ነው፤ የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወስዶ ኦርዮን ያስገደለ እርሱ ነበርና።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ስሞላ ሁለት ቁጥሮች አቀያየርኩ። ስህተቱ ሲታወቅ ሰነዱን መጨረሻ የነካው አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ስለነበር ጥያቄው ወደ እሱ ዞረ። ስብሰባው ላይ አጠገቡ ነበርኩ። የብዕሩን ክዳን ሲያወልቅ፣ መልሶ ሲከድን፣ እንደገና ሲያወልቅ አያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አልተነፈስኩም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው፤ ከወራት በኋላም ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ጥፋት በሌላው ሲላከክ ካየሁ ደሜ ይፈላል። እንዲያውም ሰዎች ፍትሕ ወዳድ ይሉኛል። የዳዊትን ቁጣ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ኃጢአት የሚለውን ቃል ስፈትሽ አንድ ምሽት አለፈ። በግዕዝ «ኀጥአ» ማለት በደለ ብቻ ሳይሆን አጣም ማለት ነው፤ የእኛው «አጣ» የወጣው ከዚያው ሥር ነው። የዕብራይስጡም ግስ ዘመዱ ነው። መሳፍንት 20 ላይ ስለ 700 ግራኞች፣ ድንጋይ ሲወነጭፉ አንዲት ጠጉር እንኳ አይስቱም ሲል «መሳት» ያለው በዚሁ ግስ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ለእኔ በጣም የተመቸ ትርጉም መሆኑ ከነከነኝ። መሳትማ ማንም ይስታል። ዳዊት አልሳተም፣ አልሞ ነው የመታው። ኦርዮ ጓዶቼ በሜዳ ሰፍረው እኔ ቤቴ ገብቼ አልተኛም ብሎ በንጉሡ ደጃፍ ሲያድር፣ ዳዊት ወደ ሚስቱ ይሄድ እንደሆነ ብሎ አሰከረው። ያም አልሆን ሲል ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈና በኦርዮ በራሱ እጅ ላከው። ሰውየው የሞቱን ትእዛዝ ይዞ ሄደ። ስለዚህ በደል የጸለየው የዳዊት የንስሐ መዝሙርም በአንድ ቃል የረካ አይመስለኝም፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች መተላለፌን፣ ከበደሌ፣ ከኃጢአቴ ይላል።

ምሕረቱ ደግሞ አፈጣጠኑ ያስደነግጣል። ዳዊት እግዚአብሔርን በድያለሁ አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ናታን እዚያው ቁጥር ላይ፣ እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፣ አትሞትም ብሎ መለሰለት። ቀጠሮ የለም፣ የሙከራ ጊዜ የለም። ሆኖም ሰይፍ ከቤቱ እንደማይርቅ ተነግሮታል፤ ከቤርሳቤህ የተወለደለት ሕፃንም በሰባተኛው ቀን ሞተ። የሕፃኑ ነገር አይገባኝም። በፍጥነት የሚያስረዱኝን ሰዎችም አላምናቸውም።

ለዓመታት የተሸሸግሁት ግን መዝሙሩ ውስጥ ነው፤ ሰባ ሊቃናት የተባለው የግሪክኛ ትርጉም 50ኛ፣ ዕብራይስጡ 51ኛ ብለው የቆጠሩት። «አንተን ብቻ በደልሁ» ይላል። ይህን ቁጥር እየደጋገምኩ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ! እንባውም የውሸት አልነበረም። ግን ለእግዚአብሔር መናገር ይቀለኝ ነበር፤ ፊቱ አይታየኝም፣ ዓይኔን እያየ ለምን አይለኝም። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ጓደኛዬን ከነገሩ ለማውጣት ተጠቀምኩባት። ዳዊት እንዲህ ሊል ፈልጎ ይሆን? አይመስለኝም። ማንንም ቢበድል መጨረሻ ላይ ዳኛው አንድ መሆኑን መናገሩ ነው ብዬ አነባለሁ። ደግሞ ኦርዮ ሞቷል፤ ሄዶ የሚለምነው ሰው የለም። የእኔ ሰው ግን በሕይወት አለ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ወደ ፊት ገለጥሁ። ምዕራፍ 23፣ የዳዊት ኃያላን ስም ዝርዝር። የማይታወቁ ስሞች ናቸው፤ እንደ ወትሮዬ ልዘልላቸው ነበር። የመጨረሻው ስም ላይ ቆምኩ። ኬጢያዊው ኦርዮ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ድምሩ ብቻ ነው፦ ሁሉ 37። ከዚያ ማቴዎስ 1ን አወጣሁ። ትዕማር በስሟ ተጠርታለች፣ ረአብም፣ ሩትም። ቤርሳቤህ ላይ ሲደርስ ግን ስሟን ትቶ ዳዊት ከኦርዮ ሚስት ሰሎሞንን ወለደ ይላል። ኃጢአቱ ከተደመሰሰ ዘመናት አልፈዋል፤ የተበደለው ሰው ስም ግን በክርስቶስ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተጽፎ ቆሟል። እኔ ምሕረት ማለት ፋይሉ ተዘግቶ ሁላችንም መርሳታችን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አልለፍ። አንደኛ ዜና መዋዕል 3 ላይ ዳዊት ከቤርሳቤህ ከወለዳቸው ልጆች አንዱ ናታን ይባላል። በነቢዩ ስም ይሁን በሌላ ምክንያት አልተጻፈም። እኔ ግን ዳዊት ልጁን በጠራ ቁጥር «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለውን ሰው ስም ሲጠራ ይታየኛል።

ትናንት ደወልኩለት። ስልክ ቁጥሩን አላጠፋሁትም ነበር።

«ስለዚያ ሠንጠረዥ ነው» አልኩት። «ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ።»

ብዙ ዝም አለ። «አውቅ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን ዞር ብዬ አይቼሃለሁ እኮ። አንተ ብዕሬን ታይ ነበር።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። «ሰምቻለሁ» አለ። «አሁን ምን እንደምልህ አላውቅም። እስኪ ልሰብበት።» ደህና እደርም ሳይለኝ ዘጋው።

ዛሬ ምንም አላነበብኩም። ለያኔው አለቃችን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩ፤ በሁለቱም የመጀመሪያው አንቀጽ ያን ጊዜ ምን ያህል ሥራ በዝቶብኝ እንደነበር የሚያወራ ነበር። በሦስተኛው የጓደኛዬን ሙሉ ስም መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የትኛው የት መግባት እንደነበረበት።