ግድግዳው እስኪደርቅ

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ የተከራየኋት ቤት ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ናት። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ። ከእኔ በፊት የነበሩት ተከራዮች እንጨት ያነዱባት ስለነበር ግድግዳው ከወገብ በላይ ጠቁሯል፤ ጥላሸቱ በጣት ሲነካ ይመጣል። ኪራይዋ ለአስተማሪ ደመወዝ የሚቀመስ ስለሆነ ግን አላመነታሁም። ቁልፉን በተቀበልኩ ማታ ፍራሼን መሬት ላይ ዘርግቼ ጋደም እንዳልኩ ይህችንማ ሳላሳምር አልቀርም አልኩ። አንዲት ባልደረባዬ «የሰው ቤት ምን አስጨነቀሽ?» ብላኛለች። ቤቱ የሰው ነው፤ ማታ ማታ ደክሞኝ የምገባበት ግን እኔ ነኝ።

የገባሁት በሚያዝያ መጨረሻ ነበር። በዚያ ወር የባሕር ዳር ሙቀት ያይላል፤ ግድግዳውም አጥንቱ ድረስ የደረቀ መሰለኝ። ጥላሸቱን በመጥረጊያ ጠራረግሁ፣ ርካሽ የዘይት ቀለም ገዛሁ፣ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ቀብቼ ጨረስኩ። ቤቱ ቦግ አለ። ግንቦትን ሙሉ በር ላይ ቆሜ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኔ ተጋምሶ ዝናቡ ሲጠና ከአልጋዬ ራስጌ ያለው ግድግዳ ማበጥ ጀመረ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ፈነዳ፤ ውስጡ እርጥብ ጭቃ ነው። ሐምሌ ሲገባ ቀለሙ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ እየተጠቀለለ ይረግፍ ያዘ። ልብሴ ሻገተ፣ የተማሪዎቼ ደብተሮች ሳይቀሩ ሸተቱ። የቤቱን ባለቤት ጠራኋቸው። እትዬ ነው የምላቸው፤ እድሜያቸው የእናቴ ታላቅ ያህላል። ገቡ፣ ምንም ሳይሉ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ልጄ፣ ጭቃ እኮ ያልበዋል። ላቡን የሚያወጣበትን ዘጋሽበት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ያተነዋል። የዘይት ቀለም እንደ ላስቲክ ሲሸፍነው እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከቀለሙ ጀርባ ይጠራቀምና ይገፋዋል። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። የእኔ ቤት ጣሪያ ደግሞ አሸንዳ የለውም። ውሃው ከቆርቆሮው ጫፍ እየወረደ መሬቱን ሲመታ ግድግዳው ሥር ይረጫል፤ በዚያ ላይ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል በአንድ ስንዝር ከፍ ይላል። እኔ ቀለም ስመርጥ ችግሩ ያለው ውጭ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሥራዬን ከውጭ ጀመርኩ። የአሸንዳውን ዋጋ እትዬ ግማሹን ቻሉልኝ። ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ከጎረቤት ልጅ ጋር ቆፍረን አወጣንና ቦይ ሠርተን ጠጠር ሞላንበት። ይህ ሁሉ ሥራ ለእንግዳ አይታይም። ካወጣሁት ገንዘብ ከግማሽ በላዩን የበላው ግን እሱ ነው፤ ዛሬም ከሁሉም በላይ የምኮራበት ሥራዬ ነው።

ከዚያ የዘይት ቀለሙን በቢላዋ ፋቅሁት። አራት ቀን ፈጀ፣ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። የተቦረቦረውን ለመመረግ ጭቃ ያስፈልግ ነበርና እትዬ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ አቦካን። ጭዱ የጤፍ እንዲሆን አጥብቀው ነገሩኝ፤ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ወዲያው ልመርግ ስነሳ ከለከሉኝ። በየማታው ውሃ እየጨመርን በእግራችን እየረገጥን ሰንብቶ ጭዱ እስኪለሰልስ ጠበቅን። ከሥራ መልስ ጫማዬን አውልቄ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ መቆም፣ በጣቶቼ መሃል ሲሾልክ መስማት፣ ከእትዬ ጋር ስለ ልጅነታቸው እያወራን መርገጥ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አላስታውስም። ሽታው ግን ከባድ ነው፤ ጎረቤት ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ምርጊቱ ካለቀ በኋላ ጥበቃ ሆነ። ሁለት ወር ተኩል ግድግዳውን ምንም አላስነካሁትም። መድረቁን የማውቀው በፌስታል ነው። አንድ ፌስታል ቀድጄ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር እለጥፍና ሳድር አየዋለሁ። ከሥሩ ላብ ከያዘ ገና ነው። ጥቅምት ላይ ላብ ነበረው፤ ኅዳር መጀመሪያም ከራስጌ በኩል ትንሽ ነበረው። እትዬ ፌስታሉን አይተው ፈገግ ይሉና መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፤ «ገና ነው» ይላሉ፤ አንድም ቀን ከፌስታሉ ጋር አልተለያዩም።

በዚያ ጊዜ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ኮርኒሱን የሠራሁት ያኔ ነው። የሃምሳ ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ስፌቱ ተፈትቶ ሲዘረጋ አንድ ካሬ ሜትር ከትንሽ ይሆናል። ለአሥራ ሁለት ካሬ ሜትር አሥራ ሦስት ገዛሁ፤ አንዱ ቀዳዳ ነበረበትና ለጠርዝ ዋለ። ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጌ፣ በእጄ ሰፋሁና ወጥረን ቸነከርነው። አቧራና ሸረሪት አስቀረልኝ። ሙቀቱን ብዙም አልቀነሰውም፤ ለሙቀት ብሎ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ እወጣ ነበር። ስለ ገበያ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እወደዋለሁ። ቦንዳ ሲፈታ በጠዋት የደረሰ ምርጡን ያነሳል፤ አመሻሽ ላይ የደረሰ ደግሞ ዋጋ ይቀነስለታል። ሁለቱ አብረው አይገኙም። እኔ መጋረጃ ስፈልግ በጠዋት ሄድኩ። ከክምሩ ውስጥ ወፍራም፣ የእርጎ ቀለም ያለው ጨርቅ እጄ ገባ። ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ ጨርቅ የሳሳበት ቦታ በብርሃን ራሱን ያጋልጣል። ስፌቱን ሳብ አደረግሁ፣ አሸተትሁት፣ ጥንዱ መኖሩን አየሁ። አንዱ ጥግ ላይ ተቀዷል።

«ስንት ነው?»

«ዘጠኝ መቶ፣ እታለም።»

«ጥጉ ተቀዷል እኮ፤ ይኸው።»

«እሺ፣ አንቺ ስንት ትያለሽ?»

«አምስት መቶ።»

ልጁ ጨርቁን ተቀብሎኝ አጣጥፎ አስቀመጠው። እኔም አመስግኜ ሄድኩ። ሁለት ሱቅ እንዳለፍኩ «ነይ፣ አምስት ሃምሳ አድርጊውና ውሰጂው!» አለኝ። ተመልሼ ወሰድኩት። የተቀደደው ጥግ ሲታጠፍና ሲሰፋ አይታይም፤ መጋረጃው ለመስኮቴ ረዘም ስለሚል ያጠፍኩት ክፍል ነው። ሳልለካ ብሄድ ኖሮ ግን ይህን አላውቅም ነበር። የመስኮቴንና የአልጋዬን ልክ በገመድ ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምይዘው።

አንድ ነገር ግን አላደርግም። በእጃቸው ሠርተው ከሚሸጡ እናቶች ጋር አልከራከርም። ሰሌን ለመሥራት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የጠየቀ ሰው አሥር ብር ለማስቀነስ አፉን አያላቅቅም። የቦንዳ ነጋዴ መደራደሩን ይወደዋል፣ ጨዋታው ነው፤ እኒህ ግን የሚጠሩት የሚበቃቸውን ነው።

ኅዳር ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር በጀልባ ጣና ዳር ወዳለችው ዘጌ ሄድን። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን ሁሉም ሥዕሉን ሲያይ እኔ ግድግዳ ግድግዳ ሆኖብኝ ጠርዝ ጠርዙን ሳይ ነበር። የመቅደሱ ዙሪያ የተሣለው በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ ያለው የእኔው ዓይነት ነው፤ ጭቃና ጭድ። እዚያ ቆሜ የቤቴን ግድግዳ አከበርኩት። ስመለስም አንድ ሐሳብ ይዤ መጣሁ፦ ከአልጋዬ በላይ ሰፊ ጨርቅ ይኖራል። ግን አልለጥፈውም፤ በእንጨት ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ክረምት ሲመጣ አውርጄ ጀርባውን እንዳይ።

ታኅሣሥ ላይ ፌስታሉ ደርቆ አደረ። የኖራ ቀን ደረሰ።

ድንጋዩን ኖራ ነው የገዛሁት። ውሃ ውስጥ ኖራው ይጨመራል እንጂ ኖራው ላይ ውሃ አይፈስም፤ ይፈነጥቃል። ይህን እትዬ ነግረውኛል። የባልዲውን ነገር ግን አላነሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ኖራው ውሃ ሲያገኝ እንደ ሽሮ ተንተከተከ፣ እንፋሎቱ ተነሳ፣ የፕላስቲክ ባልዲዬ ጎኑ ለስልሶ ተጣመመ። ሮጠን ወደ ብረት በርሜል ገለበጥነው። ስለዚህ በብረት፣ ከቤት ውጭ፣ ልጆችን አርቆ፣ ዓይንን በመነጽር ሸፍኖ፣ እጅን በጓንት። ኖራ ዓይን ከገባ ቀልድ የለም። ከተረጋጋ በኋላ ሦስት ቀን አሳደርነውና በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ፣ እፍኝ ጨው ጨምሬ፣ እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ አላላሁት።

ግድግዳውን ቀድሞ ማርጠብ አለ። ከዚያ በቃጫ ብሩሽ ስስ አድርጎ መቀባት። የመጀመሪያውን ስቀባ ልቤ ወረደ፤ ውሃ የቀባሁ ነው የሚመስለው፣ ግራጫ፣ ጭቃው ወለል ብሎ ይታያል። ደራርቤ ላወፍረው ሲዳዳኝ እትዬ «ተይው፣ እደሪና እዪው» አሉኝ። ጠዋት በሩን ስከፍት ግድግዳው ነጭቷል። ኖራ ነጭነቱን የሚያመጣው ሲደርቅ ነው፤ አወፍራለሁ ብሎ የተቻኮለ ሰው ደግሞ ተሰንጥቆ ይራገፍበታል። በአራት ቀን አራት ጊዜ ቀባሁ፤ በየጠዋቱ እየነጣ፣ እየነጣ ሄደ። ያን ሰሞን ከመቀስቀሻው ቀድሜ እነቃ ነበር፣ ግድግዳዬን ለማየት ብዬ።

ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ግን ነጭ አላደረግሁትም። ቀይ አፈር ነፍቼ ኖራው ላይ ጨመርኩና የሸክላ ቀለም አወጣ። ጫማና መጥረጊያ የሚነካው እዚያ ነው፤ ነጭ ቢሆን በሳምንቱ ይቆሽሽ ነበር።

የመጨረሻው የደንገል ምንጣፍ ነው፣ አልጋዬን ከማብሰያው ጥግ የሚለይልኝ። ሐይቁ ዳር ከዚሁ ደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ከውሃ ሲወጡ ቆመው ሲደርቁ አይቻለሁ፤ ደንገል ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ስገዛ ግንዱን በጣቶቼ ጫን አድርጌ ሰማሁ። የደረቀው ችክ ይላል፤ ያልደረቀው ዝም ብሎ ይጎደጉዳል፣ ቤት ገብቶ ይሻግታል። ችክ የሚለውን ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በ2016 በተመረቀው አዲሱ ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ። 380 ሜትር ነው ርዝመቱ። ከሥሬ አባይ፣ ከጎኔ የጣና ነፋስ፣ ትከሻዬ ላይ የሐይቁ ሽታ ያለው ጥቅል። መሃሉ ላይ አውርጄ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን መስኮቴ ላይ በዘይት ጀሪካን የተከልኩት ጤና አዳም አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ መጋረጃው ይነሳል፣ ሽታው አልጋዬ ድረስ ይደርሳል፤ ደብተር የማርመው ያኔ ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ሃያ ገደማ ከባድ ዝናብ ሌሊቱን ሲያወርድ አደረ። ጠዋት እትዬ ሳልጠራቸው መጡ። ጨርቁን ራሳቸው ገለጥ አድርገው ከራስጌዬ በኩል መዳፋቸውን አሳረፉ። እኔ ቡናውን ይዤ ቆሜአለሁ። እንደወትሯቸው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረግ አድርገው «የእኔን ማድ ቤት መቼ ነው የምናየው?» አሉኝ።

መስከረም ብለን ተስማምተናል። የጤፍ ጭዱን ከአሁኑ አስቀምጠዋል፤ አሸንዳውን ግን ዝናቡ ሳይብስ ብለው ትናንት አሰቀሉ።