ወተት ለቀለም ሠራተኞች

በአዳማ ከተማ በሚገኝ አንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ለስድስት ዓመታት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በየሳምንቱ ከምመዘግባቸው ወጪዎች መካከል ከቀለም ማቅጠኛው ቲነር፣ ከስቱኮና ከብርጭቆ ወረቀት ቀጥሎ «ወተት ለቀለም ሠራተኞች» የሚል መስመር ነበር። ገንዘቡን ቆጥሬ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ ቀለም የሚረጭ ሰው ወተት ከጠጣ ኬሚካሉ ደረቱን አይጎዳውም የሚለውን እምነትም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሳልመረምር ተቀብዬው ነበር። ይህ እምነት የአንድ የማከብራቸውን ሰው ሕመም ለዓመታት እንደሸፈነብን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፤ አቧራዋም ብዙ ነው። ያልደረቀ ቀለም ላይ አቧራ ካረፈ ሥራው እንደገና ታሽቶ እንደገና መቀባት ስላለበት፣ ርጭት ሲጀመር የቆርቆሮው በር ይዘጋል፤ ክፍተቱም በላስቲክ ይሸፈናል። መኪናው በዚህ መንገድ ከአቧራ ይጠበቃል፤ ሰውየው ግን ከሚረጨው ቀለም ጋር ይዘጋበታል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ቲነሩ ፈጥኖ ይተናል። በቲነር ውስጥ የሚገኙት እንደ ቶሉዊንና ዛይሊን ያሉ ፈሳሾች እንፋሎታቸው ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል እንጂ በጣሪያው ቀዳዳ አይወጣም፤ በመኪናው ጎን በርከክ ብሎ የታችኛውን ክፍል የሚቀባ ሰው የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው።

ከቀለም ሠራተኞቹ ሁሉ አንጋፋው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት ገደማ ሌሊት ሌሊት ያስላቸው ጀመር፤ ደረታቸው ይጨመደዳል፤ ሲተነፍሱም ሲር ሲር ይላል። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ማርና ዝንጅብል ተሞከረ፤ ዳማከሴም ተጨመቀ። በኋላ ወደ ጤና ተቋም ሄደው አክታቸው ለቲቢ ተመረመረ፤ ነጻ መሆናቸው ተነገራቸውና መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተመለሱ። የሚሠሩትን ሥራ የጠየቃቸው አልነበረም። ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ሐኪሞች በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ የመከረው በ1700 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ሳስብ፣ ያ አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ በየምርመራ ክፍሉ አለመለመዱ ያሳዝነኛል።

ጋሼ ግን ለሕመማቸው የራሳቸው ማብራሪያ ነበራቸው። ጾም አጥብቀው የሚጾሙ ስለነበሩ ረቡዕና ዓርብ የወተት ድርሻቸውን ለልጆቻቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55ቱንም ቀን ወተት አይቀምሱም። ሳሉ የሚጠናባቸው በዚያው ወቅት ነበር። «ወተቱ ስለቀረብኝ ነው ልጄ፤ ፋሲካ ሲደርስ ይለቀኛል» ይሉኝ ነበር፤ እንዳሉትም ከፋሲካ በኋላ ይሻላቸዋል። እኔም አምኜ ነበር።

ነገር ግን የሠራተኞች መቆጣጠሪያ መዝገብም በእጄ ነበር። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ለበዓሉ መኪናቸውን አሳምረው ለመድረስ የሚፈልጉ ደንበኞች ስለሚበዙ ርጭቱ እስከ ምሽት ይዘልቃል። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ ጋሼ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው አርሲ ወዳሉት ቤተሰቦቻቸው ይሄዱና አሥር ቀን ያህል ቆይተው ድነው ይመለሳሉ። ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሕመም ፈቃድ ተመዝግቧል። በመስቀል ሰሞንም ለጥቂት ቀናት ሲሄዱ ይሻላቸዋል፤ ሲመለሱ ያስላቸዋል። ከመስቀል በፊት ባሉት ሳምንታት ከረቡዕና ዓርብ በቀር ወተቱ አልተቋረጠባቸውም ነበር። ስለዚህ በሁለቱም በዓላት የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጋራዡ መራቃቸው።

ለመኪና የሚረጨው ቀለም በአብዛኛው ሃርድነር ከተባለ ማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀል ነው። በሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፤ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመኪና ቀለም ረጪዎች በአስም የመያዝ ዕድላቸው ከአገሪቱ አማካይ ሠራተኛ 80 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ገልጿል። አንድ ሰው ለወራት ወይም ለዓመታት ምንም ሳይሆን ሠርቶ አንድ ቀን ሰውነቱ ኬሚካሉን መቃወም ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂቱም ይበቃዋል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሰዓታት በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ወይም ሌሊት በመሆኑ ሰውየው አልጋውን፣ ብርዱን ወይም እራቱን ይጠረጥራል እንጂ ሥራውን አይጠረጥርም።

ሽታውም ያሳስታል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ክሎሪን ዓይንና ጉሮሮን ወዲያው ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሻል። አይሶሳያኔት ግን በአፍንጫ የሚታወቀው ከሚጎዳው መጠን በላይ ሲሆን ነው፤ ሄክሳሜቲሊን ዳይአይሶሳያኔት ለተባለው ዓይነት የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ያስቀመጠው የሥራ ቀን አማካይ ጣሪያ ከአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል 5 ብቻ ነው። በእኛ ጋራዥ የቲነሩ ሽታ ሲቀንስ «ጠራ» ይባልና አፍ ላይ የታሰረው ፎጣ ይወርድ ነበር።

የተዋጠ ወተት ወደ ጨጓራ ይሄዳል። እንፋሎቱ የሚገባው በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። የደረቀ ጉሮሮን ያለሰልስ ይሆናል፤ ውኃም ያንኑ ያደርጋል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈው ማስክም ሆነ ፎጣው እንፋሎት አያስቀርም። ከሰል ያለበት ማጣሪያ የተገጠመለት ጭንብል የቲነሩን እንፋሎት ይይዛል፤ ነገር ግን ማጣሪያው ሲሞላ በዓይን አይታወቅም፤ ጢም ካለም ጭንብሉ ፊት ላይ አይገጥምም። ሃርድነር ያለበትን ቀለም ለሚረጭ ሰው የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል ነው፤ ከኮምፕረሰሩ የሚመጣው አየርም ከዘይትና ከእርጥበት መጣራት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን እንፋሎቱን ከታች ስቦ የሚያስወጣ የርጭት ክፍል ያስፈልጋል። ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የጋራዡን ሒሳብ የምሠራው እኔ ነበርኩና። ቢሆንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

በመጨረሻ ጋሼን ያዩ አንዲት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቋቸው ሥራቸውን ነበር፤ ቀጥሎም ከሥራ ሲርቁ ይሻላቸው እንደሆነ። የትንፋሽን ኃይል የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ሰጥተው፣ በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም በቀን አራት ጊዜ እየነፉ ቁጥሩን ለአራት ሳምንት እንዲጽፉ አዘዙ። እኔም የመቆጣጠሪያ መዝገቡን ገልብጬ ሰጠኋቸው። የቁጥሩ መውረድና የሥራ ቀኖቹ ገጠሙ፤ ጋሼም ወደ ሃርድነር ዳግም እንዳይቀርቡ ተነገራቸው።

አሁን በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተቀጥረው ይሠራሉ። ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ስሄድ ከሱቁ ጀርባ የመኪና ቀለም የሚረጭበት ቤት ሊከፈት መሆኑን ነገሩኝ፤ ሌላ ሥራ እየፈለጉ ነበር።